«ካደችኝ» ወይስ «ከዳችኝ»?

የጎጃም መምህር፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ሦስት ቀን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝን ነገር እዚህ ላውጣው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ «ያዘንኩበት ቀን» በሚል ርእስ አንድ ገጽ እንዲጽፉ አዘዝኩና ደብተሮቹን ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። አንዷ ልጅ እንዲህ ብላ ጀምራለች፦ «የልብ ጓደኛዬ ስለካደችኝ አዘንኩ።» እኔም እንደ ልማዴ ቀይ እስክሪብቶዬን አንስቼ «ስለካደችኝ» የሚለውን ሰረዝኩ፤ ከበላዩ «ስለከዳችኝ» ብዬ ጻፍኩ። ግማሽ ነጥብም ቀነስኩባት።

በማግስቱ ደብተሯን ስመልስላት ከጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ ቀረች። ድምፅዋ በቅጡ አይሰማም። «መምህር፣ አልከዳችኝም እኮ» አለችኝ።

«ታዲያ ምን አደረገችሽ?»

«ካደችኝ። ከከተማ ልጆች ጋር ቆማ ሳለች ‹ይቺን ልጅ ታውቂያታለሽ?› ሲሏት ‹አላውቃትም› አለች። እኔ እዚያው ነበርኩ። የአንድ ቀበሌ ልጆች ነን። አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የምንማረው፤ ስንቃችን እንኳ በአንድ ከረጢት ነው የሚመጣልን።»

የምመልሰው አጣሁ። ልጅቱ ልክ ነበረች። ካደ ማለት ያለውን የለም፣ ያወቁትን አላውቅም፣ የተቀበሉትን አልተቀበልኩም ማለት ነው። ከዳ ማለት ግን አብሮ የቆመ ሰው ጥሎ ሲሄድ፣ የተደገፉት ነገር ሲሸሽ ነው። «ክጄሻለሁ» እና «ከድቼሻለሁ» አንድ አይደሉም፤ «ይክደኛል» እና «ይከዳኛል» አንድ አይደሉም። የልጅቱ ጓደኛ ጥላት አልሄደችም። ያን ቀን ማታ አብረው በአንድ ምድጃ እራታቸውን አብስለው በልተዋል። ልጅቱን ያስለቀሳትም ይኸው ነው።

ብዙ ዓመት ያስተማርኩበት ቋንቋ ነው፤ ያንን ልዩነት ቸኩዬ በቀይ ቀለም ሰረዝኩት። ግማሽ ነጥቧን መልሼላታለሁ። ነገሩ ግን አልተወኝም። ጋዜጣ ሳነብ፣ ሬዲዮ ስሰማ፣ ሰዎች ሲጨቃጨቁ ሳዳምጥ ሁሉ ነገር «ክህደት» ሆኗል፤ ሰው ሁሉ ወይ «ከሃዲ» ወይ «ባንዳ» ነው። ገንዘብ የበላውም፣ ቃሉን ያጠፈውም፣ ምስጢር ያወጣውም፣ ሐሳቡን የለወጠውም በአንድ ጆንያ ይከተታል። አባቶቻችን ግን ለእያንዳንዱ በደል የተለየ ስም ነበራቸው። እስቲ እናንተ የምታውቁትን ንገሩኝ፤ በየአገራችሁ የትኛው ቃል ለየትኛው በደል ነው የሚባለው?

የቆሎ ተማሪ የነበረ፦

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ልጅቱን ስሟን ሳላውቅ ወደድኳት።

ልዩነቱ ከቅዱስ መጽሐፍ ጀምሮ ያለ ነው። ጴጥሮስና ይሁዳ በአንድ ሌሊት ሁለት የተለያየ ነገር ነው ያደረጉት። ለጴጥሮስ የተባለው «ሦስት ጊዜ ትክደኛለህ» ነው። ለይሁዳ የተባለው ግን «አሳልፎ ይሰጠኛል» ነው። በግእዙም ለየብቻ ናቸው፦ ለጴጥሮስ «ክሕደ»፣ ለይሁዳ «አግብአ»። አግብአ ማለት አስገባ፣ አስረከበ ማለት ነው። ጴጥሮስ በአፉ ካደ፤ ዶሮ ሲጮህ ምርር ብሎ አለቀሰና ተመለሰ። ይሁዳ በእጁ አስረከበ፤ ሠላሳ ብሩን መልሶ ቢወረውርም ያስረከበውን ሰው መመለስ አልቻለም። ሁለቱንም «ከዱት» ብለን ብንተርክ ታሪኩ እንዳለ ይፈርሳል።

በሰሙነ ሕማማት መሳሳም የተከለከለውም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ነው። ይሁዳ ምልክት አድርጎ የሰጠው መሳም ነበርና። እናቴ በዚያ ሳምንት እንግዳ ሲመጣባት ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ ትነሳ ነበር እንጂ ጉንጯን አትሰጥም። ልጅ ሆኜ «ለምን?» ስላት «ያን ሰው እንዳንመስል» አለችኝ። ስሙን እንኳ አልጠራችውም።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። መካድ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። በጥምቀት ጊዜ የሚባለው «እክሕደከ ሰይጣን» ነው፤ ሰይጣን ሆይ እክድሃለሁ ማለት ነው። እያንዳንዳችን ክርስትና ስንነሳ አንድ ጊዜ ክደናል፤ ተገቢ ክሕደት ነው። «ሰይጣንን ከዳሁት» የሚል ሰው ግን የለም፤ አብሮት እንዳልቆመ ያውቃልና።

መሐንዲሱ፦

በትሕትና ልቃወም። ቋንቋ ይለወጣል። ዛሬ «ክህደት» ብል ሁሉም ይረዳኛል፤ «ካደ» እና «ከዳ» ተቀራርበው አንድ ቢሆኑ ምን ይጎድለናል? ተማሪዋ ያዘነችው በጓደኛዋ ነው እንጂ በግሱ አይደለም።

የጎጃም መምህር፦

መሐንዲስ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። እስቲ ይህን ይመልከቱ። «እንቅልፍ ከዳኝ» እንላለን። «ጉልበቴ ከዳኝ»፣ «ዓይኔ ከዳኝ»፣ «አቅሜ ከዳኝ» እንላለን። ጭቃ ላይ ሲራመድ የወደቀውን ሰው «እግሩ ከዳው» እንላለን። «እንቅልፍ ካደኝ» ያለ ሰው ግን ሰምተው ያውቃሉ? ጉልበት አይክድም፤ አፍ የለውምና። ጉልበት ይከዳል፤ ተደግፈነው ነበርና። ቃሉ ይህን ሁሉ ዘመን ሳይደባለቅ የኖረው ሕዝቡ ስለሚያስፈልገው ነው። አባቴ በስተርጅናቸው ከወንበር ሲነሡ «አይ አንቺ ጉልበት፣ ከዳሽኝ» ይሉ ነበር። በቁጣ አይደለም፤ አብራቸው ብዙ መንገድ የሄደች ጓደኛ ተለይታቸው እንደሄደች አድርገው ነው።

ልጅቱም ያዘነችው ምን እንደተደረገባት ለይታ ስላወቀች ነው። ስሙን ብንወስድባት ለማን ምን ብላ ትናገራለች?

የወሎ ልጅ፦

እኛ ዘንድ የሚገርመው ቃል «ወጪት ሰባሪ» ነው። «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» ይባላል። ለከተማ ልጆች ላስረዳ፤ ወጪት ወጥ የሚቀርብበት የሸክላ ዕቃ ነው። የአያቴ ወጪት ጥቁር፣ ከንፈሩ በአጠቃቀም ብዛት የለሰለሰ፣ ከጎኑ ስንጥቅ ያለበት ነበር። ስንጥቁን በምን እንደደፈነችው አላውቅም፤ ወጥ ግን አያንጠባጥብም ነበር። አንድ ቀን ቤታችን የከረመ የሩቅ ዘመድ ከአባቴ ጋር ስለ መሬት ተጣልቶ ለከሳሾቹ መሰከረባቸው። አያቴ አልተሳደበችም። እራት ስታቀርብ ወጪቱን በሁለት እጇ ይዛ መሬት ላይ አስቀመጠችና «እኔስ ይቺን ሰበራት ብዬ ነበር፤ ደኅና ናት» አለች። ሁላችንም ገባን። ከዚያ በኋላ የዚያ ዘመድ ስም በቤታችን አልተነሣም።

ልብ በሉ፤ ወጪት ሰባሪ የሚባለው ጠላት አይደለም። ያልበላበትን ወጪት የሰበረ ሰው ሌላ ስም አለው። እዚህ ላይ የግድ መጀመሪያ መጉረስ አለ። «ጡት ነካሽ»ም እንዲሁ ነው፤ ያልጠባ አይነክስም።

እስላምና ክርስቲያን ተዋልደን በምንኖርበት አገራችን ደግሞ «አማና» የሚል ቃል አለ፤ አደራ ማለት ነው። «አማናዬን በላው» ሲባል ሽማግሌ ወዲያው ይነሣል። በአፉ ሌላ በልቡ ሌላ የሆነውን «ሙናፊቅ» ይሉታል። ክርስቲያኑ ጎረቤት ደግሞ ስለ ታማኝ ሰው ሲመሰክር «ማተብ ያለው ነው» ይላል፤ ቃሉን ያፈረሰውን «ማተቡን በጠሰ» ይለዋል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ገበያ ላይ ሰምቼ ነው ያደግኩት።

ጠበቃዋ፦

እኔ በየቀኑ ከነዚህ ቃላት ጋር ስለምውል ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ስለ «ካደ»። ፍርድ ቤት የ«ካደ» ተቃራኒ «አመነ» ነው። ተከሳሽ ክሱ ከተነበበለት በኋላ የሚሰጠው ቃል «የእምነት ክህደት ቃል» ይባላል። «ክዶ ተከራከረ» ሲባል ስድብ አይደለም፤ አላደረግኩም አለ ማለት ብቻ ነው። ካህናትም «አመነ» እና «ካደ» ይላሉ፤ ዳኞችም እንዲሁ። የ«ከዳ» ተቃራኒ ግን «ታመነ» ነው። አመነና ካደ፣ ታመነና ከዳ። መሐንዲስ፣ ሁለቱን አንድ ብናደርጋቸው ያመነውን ከታመነው መለየት ሊያቅተን ነው።

ሁለተኛ፣ ሰዎች «ሌባ ነው» እያሉ ወደ ቢሮዬ ይመጣሉ። ስጠይቃቸው ገንዘቡን የሰጡት ራሳቸው ናቸው። ያ ስርቆት አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 675 «እምነት ማጉደል» ይለዋል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ሌባ ሳትሰጠው ይወስዳል። አታላይ ውሸት ነግሮ እንድትሰጠው ያደርጋል። እምነት አጉዳይ ግን በአደራ ወይም ለተወሰነ ሥራ ብለህ በደኅና ቀን፣ በሙሉ ፈቃድህ ሰጥተኸዋል፤ እሱ ነው በኋላ የራሱ ያደረገው። «ማጉደል» የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ። ሙሉ የነበረ ነገር ነበረ፤ ጎደለ።

ሕዝቡ ይህንኑ «አደራ በላ» ይለዋል። ዕቁብ ውስጥ ደግሞ «ዕቁብ በላ» ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሃያ ሰዎች ሆነን በገባንበት ዕቁብ ሦስተኛ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ከዚያ ወዲያ አልታየም። ሦስት ሳምንት ስልኩን አያነሣም። የዕቁቡ ዳኛ የሰባ ዓመት አዛውንት ናቸው፤ ዋሱን ጠርተው «ወንድሜ፣ ሰውዬው ጠፋ እንጂ አልካደም፤ ስለዚህ እንጠብቀዋለን» አሉ። እኔ ጠበቃ ሆኜ ልዩነቱ አልታየኝም ነበር። በአራተኛው ወር ሰውዬው መጣ፤ ልጁ ታሞበት ነበር። በየሳምንቱ እየከፈለ ጨረሰ። «ዕቁብ አልወሰድኩም» ብሎ ቢሆን ኖሮ ግን እኚያው ዳኛ ከእኔ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ይደርሱ ነበር።

አንባቢ፦

«ቃሉን በላ»ም አለ። ቃልም ይበላል፣ አደራም ይበላል፣ ዕቁብም ይበላል፣ መሐላም ይበላል። ሆድ ነው ነገሩ ሁሉ። «ሆድ አደር»፣ «እበላ ባይ» የሚባሉትም ከዚያው ናቸው።

ከኩዌት፦

ጽሑፎቻችሁን እያነበብኩ አለቀስኩ። ከሐይቅ አካባቢ ነኝ፤ ሰው ቤት እየሠራሁ ሰባት ዓመቴ ነው። ለወንድሜ ቤት እንዲሠራልኝ በየሦስት ወሩ ብር እልክ ነበር። የላክሁበትን ደረሰኝ ሁሉ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጫለሁ። አንዳንዱ ደብዝዞ አይነበብም፤ ቀኑን ከኋላው በእስክሪብቶ ጽፌበታለሁ። ባለፈው ዓመት አንዲት የአገሬ ልጅ ሄዳ ቦታውን አየችልኝ። መሬቱ ላይ ድንጋይ እንኳ አልተቆለለም። ወንድሜን ስጠይቀው መጀመሪያ «ሲሚንቶ ተወደደ» አለ። ቀጥሎ «የላክሽው ለእናታችን መድኃኒት ዋለ» አለ። በመጨረሻ «የምትይው ብር አልደረሰኝም» አለ።

ሰዎች «ሌባ በዪው» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ «ወንድምሽን ሌባ አትበዪብኝ፤ ከአንድ ማሕፀን ነው የወጣችሁት» ትለኛለች። እኔም አልቻልኩም። ሌባ በር ሰብሮ የሚገባ ነው። እኔ ግን በሩን ራሴ ከፍቼ ሰጥቼዋለሁ። ስሙን ላገኝለት አልቻልኩም ነበር፤ አሁን ጠበቃዋ የጻፈችውን ሳነብ ነው የገባኝ። መጀመሪያ አደራዬን በላ። ቀጥሎ ካደኝ። ሁለት ነገር ነው ያደረገብኝ። እኔን የገደለኝ ሁለተኛው ነው።

ጠበቃዋ፦

እህቴ፣ አይዞሽ። ደረሰኞቹን አንዱንም እንዳትጥዪ፤ በስልክ ፎቶ አንሥተሽ ሌላ ቦታም አስቀምጪ። የሚደበዝዝ ወረቀት ጊዜ አይሰጥም። ገንዘቡ የተላከው ለቤት ግንባታ እንደሆነ የሚያሳይ መልእክት ካለሽ አብረሽ ያዢው፤ ለምን ሥራ እንደተሰጠ ማሳየት ዋናው ነገር ነው። ክስ ግን የመጨረሻው በር ይሁን። መጀመሪያ የሚከበሩ ሽማግሌዎችን ላኪበት፤ እነርሱም «በልተሃል?» ብለው ሳይሆን «ደርሶሃል?» ብለው ይጀምሩ።

የወሎ ልጅ፦

እህቴ፣ ሐይቅ የእኔም አገር ነው። ሽማግሌ ካስፈለገሽ በግል መልእክት ጻፊልኝ። አደራሽ በደምብ ይጠየቃል።

ታሪክ ወዳድ፦

መምህር «ባንዳ» የሚለውን ቃል አንሥተው አልፈውታል፤ እኔ ግን እዚያው ልቁም።

ቃሉ የጣሊያን ነው፤ ጭፍራ፣ ጓድ እንደማለት ነው። በጣሊያን ኤርትራ በራሳቸው አለቆች ሥር የሚዘምቱት መደበኛ ያልሆኑ የአገር ተወላጅ ተዋጊዎች ባንዳ ይባሉ ነበር፤ መደበኞቹ ደግሞ አስካሪ። እንግዲህ ስሙ መጀመሪያ ስድብ አልነበረም፤ የጦር ክፍል ስም ነበር። ከዐድዋ ጦርነት ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 1888 ዓ.ም. ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ ተፈሪ ተዋጊዎቻቸውን ይዘው ከጣሊያን ጎን ወጥተው ወደ ምኒልክ ወገን ገቡ። ለጣሊያኑ ጄኔራል ያ ክዳት ነበር። ለእኛ ግን ወደ አገር መመለስ ነው። «ከዳ» የሚለው ቃል ማን ከማን ጋር ቆሞ እንደነበር ሳይነገር አይሞላም።

በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው ቃሉ የተመረረው። ጦርነቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ፣ የንጉሠ ነገሥቱ አማች የነበሩት፣ ለጣሊያን ገቡ። ከዚያ በኋላ ባንዳ ማለት በወገኑ ላይ ለጠላት የተሰለፈ ማለት ሆነ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ለጣሊያን ያደሩ ሰዎች ሹመት ማግኘታቸው አርበኞችን ክፉኛ አቆሰለ፤ ቃሉ ዛሬም ድረስ እሳት የሆነው በከፊል ያ ቁስል ስላልጠገገ ይመስለኛል።

አያቴ አርበኛ ነበሩ። የመንደራቸውን ባንዳ በስም ያውቁታል፤ በጥይት ተፈላልገዋል። እኔን የሚደንቀኝ ግን አነጋገራቸው ነው። ስለ ሰውዬው ሲያወሩ «ባንዳ ነበር» ይላሉ እንጂ «ባንዳ ነው» ብለው አያውቁም። በ1930ዎቹ መጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ ታረቁ፤ የሰውዬውን የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ክርስትና ያነሡት አያቴ ናቸው። ለአያቴ ባንዳነት የሚሠራ ነገር ነበር፤ መሣሪያውን የሰጠው ማን ነው፣ ደመወዙን የሚከፍለው ማን ነው፣ የተኮሰው በማን ላይ ነው። ዛሬ በአሳብ የተለየንን ሰው «ባንዳ» ስንለው ከነዚህ አንዱንም አንጠይቅም። ያላየነውን ጥይት በሰው ላይ እንመሰክራለን። ይህ ለእኔ የአርበኞቹንም ስም መድፈር ነው።

አንባቢ፦

ታሪክ ወዳድ፣ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። «ውስጥ አርበኛ» የሚለውን ቃልም አትርሱ። ለውጭ ተመልካች ባንዳ የሚመስል፣ በጣሊያን ከተማ ውስጥ እየኖረ ለአርበኞች መረጃና ስንቅ የሚያቀብል ማለት ነው። ሸዋረገድ ገድሌን ማንሣት ይበቃል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩት አንዱ አብርሃ ደቦጭ ለጣሊያኖች በአስተርጓሚነት ሲሠራ የቆየ ነው። ከዚያ ቀን በፊት መንገድ ላይ ያየው ሰው ምን ብሎት ይሆን? በዐድዋ ጊዜም ባሻይ አውአሎም ለጣሊያን ይሰልላል ተብሎ እየታመነ የሚሠራው ለኢትዮጵያ ነበር። ቋንቋችን ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተለየ ስም ማውጣቱ ደግ ነገር ነው።

አዛውንቱ፦

ልጆቼ፣ እኔ ብዙ መጻፍ አልችልም፤ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። እናንተ «ጠቋሚ» የምትባለውን ቃል አላነሣችኋትም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከሁሉ የምታስፈራ ቃል እርሷ ነበረች። «ጆሮ ጠቢ» ነበር፣ «ሰላይ» ነበር፤ እነርሱ ግን ደመወዝተኛ ናቸው፤ ታውቃቸዋለህ፣ ትሸሻቸዋለህ። ጠቋሚ ግን ትናንት ቡና አብሮህ የጠጣ ነው። ጣቱን ብቻ ነው የሚያነሣው።

ወንድሜ በጥቆማ ተወሰደ። ማን እንደሆነ እናታችን ታውቃለች፤ አጥር ተጋርተን የምንኖር ሰው ነው። እሱም ከወንድሜ በፊት ታስሮ፣ ተገርፎ ወጥቷል። «ራስህን አጋልጥ፣ ጓዶችህን አጋልጥ» ይባል ነበር ያኔ። እናቴ እስክትሞት ድረስ «ከሃዲ» አላለችውም፤ «አሳልፎ ሰጠው»ም አላለችም። «ጠቆመው» ብቻ ትል ነበር፤ ስትል ደግሞ የራሷን ሌባ ጣት በሌላ እጇ ትይዛታለች። ሰውዬው ሲሞት ድንኳን ድረስ ሄዳ ተቀምጣለች። ለምን እንደሄደች ጠየቅኳት። «እሱንስ የጠቆመው ሌላ አይደል?» አለችኝ። እኔ ግን አልሄድኩም።

የጎጃም መምህር፦

አባባ፣ እድሜ ይስጥልን። ይህን ስላካፈሉን አመሰግናለሁ። የልጅ ልጅዎንም እግዚአብሔር ያሳድግልዎ።

ቀለም፦

ስለ ትዳር ማንም አልጻፈም። ሌላ ሴት የያዘውን ባል «ወሰለተ» ይሉታል። ወስላታ እኮ ዋጋ አሳስቶ ለሚሸጥም፣ ከሥራ ለሚጠፋ ልጅም የሚባል ቃል ነው። «ማገጠ» ትንሽ ይከብዳል። ሚስት ስታደርገው የሚወርድባትን ስም ግን እዚህ መጻፍ አልፈልግም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዱ በደል፣ ሁለት ሚዛን። እኔ ላይ በደረሰ ጊዜ ዘመዶቹ «ወንድ ልጅ ይወሰልታል፤ አልከዳሽም፣ ቤቱ ይመጣል» አሉኝ። በየሌሊቱ እንቅልፍ የከዳኝ እኔ ነበርኩ። መምህር፣ ለክፍልዎ ሲያስተምሩ ይህችንም ያንሡልኝ፤ ቃላቱን ስንለይ ማን በማን ላይ እንደሚላቸውም እንይ።

አንድ የምወደው አነጋገር ግን አለ፤ «ልቡ ሸፈተ»። ሽፍታ ቢያንስ ጫካ ገብቷል፤ መሸፈቱን አገር ያውቃል። ልቡ የሸፈተን ሰው ቁርጡን ታውቂዋለሽ። እኔን የጎዳኝ ልቡ ሸፍቶ እግሩ ቤት የነበረው ነው።

አዲስ አባል፦

«ኪዳን» እና «ክህደት» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ። ኪዳን ሲፈርስ ክህደት ይሆናል ማለት ነው?

የቆሎ ተማሪ የነበረ፦

አይደሉም ወንድሜ። ኪዳን «ተካየደ» ከሚለው ነው፤ ቃል ተጋባ፣ ተማማለ ማለት ነው። ክሕደት በሐመሩ «ሐ» ያለበት ሌላ ግስ ነው። በአማርኛ «ሐ»ው ድምፁ ስለጠፋ ነው ተቀራርበው የተሰሙት። ነገሩ ለስብከት ያምራል፤ ግን ልክ አይደለም።

መሐንዲሱ፦

ሐሳቤን ልለውጥ ተገድጃለሁ። የአዛውንቱን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ «ሁሉም ክህደት ቢባል ምን ይጎድለናል» ያልኩትን ደግሜ ልለው አልችልም። እኚያ እናት «ከሃዲ» ብለው ቢሆን ኖሮ ድንኳኑ ውስጥ መግባት የሚችሉ አይመስለኝም። አንድ ጥያቄ ግን ይቀረኛል። በጊዜ ብዛት ሐሳቡን በቅን ልቦና የለወጠ ሰውስ ምን ይባላል? «አድርባይ» እና «ወላዋይ» እናውቃለን፤ ሁለቱም ስድብ ናቸው። በጎውን ስም ልብ ብዬ ፈልጌ አጣሁት።

የጎጃም መምህር፦

መሐንዲስ፣ እኔም ፈልጌ አላገኘሁም። «ተመለሰ» የሚለው ይቀርባል፤ ግን ወደ ነበረበት የሄደ ብቻ ነው የሚመለሰው። ለክፍሌ ጥያቄ አድርጌ አቀርበዋለሁ።

ልጅቱን በተመለከተ፣ ዛሬ ሁለቱን በአንድ ዴስክ አየኋቸው። የሆነውን አልጠየቅኩም።

ከኩዌት፦

ትናንት ማታ አሠሪዎቼ ከተኙ በኋላ ለወንድሜ ደወልኩለት። የወሎው ወንድማችን ያገናኘኝ ሽማግሌ ቀደም ብለው አነጋግረውት ነበር። ሌባ አላልኩትም። «ወንድም ጋሼ፣ አደራዬን በልተሃል፤ እሱን እግዚአብሔር ያውቃል። የካድከኝ ግን ለምንድን ነው?» አልኩት። ብዙ ቆየ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ» አልኩ። ከዚያ «ደርሶኛል። በልቼዋለሁ። አልክድሽም» አለኝ።

ብሩ አልተመለሰም፤ እንዴት እንደሚመልሰውም አላውቅም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቆርቆሮውን ከአልጋዬ ሥር አወጣሁና ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ሃያ ስድስት ናቸው። ጠበቃዋ እንዳለችኝ ሁሉንም ፎቶ አነሣኋቸውና መልሼ ከደንኩት።